እንጦጦን በብስክሌት፦ ለጀማሪ፣ ለለመደ እና ፍርሃት ለማያውቅ ልጅ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ መጥተን አንድ ወር እንቆያለን። ባለቤቴ የጫካ መንገድ የለመደ ነው፤ ጀርመንታውን አጠገብ ያለውን ሼፈር ፋርምስ በቃሉ ያውቀዋል። እኔ የምነዳው ስላይጎ ክሪክ ዳር ባለው አስፋልት ላይ ብቻ ነው። የ12 ዓመቱ ልጃችን ደግሞ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እንጦጦ ላይ ለሦስታችንም የሚሆን መንገድ አለ? እንደዚህ አገር የቀለም ምልክት አለው? ብስክሌቶቻችንን ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያው እንከራይ?»

ምላሽ፦ አዎ፣ ለሦስታችሁም የሚሆን አለ። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መንገድ ግን ሦስታችሁንም ማስደሰት አይቻልም። ይህን ከአሁኑ ተስማምታችሁ ኑ። አለበለዚያ ባለቤትዎ ሲሰለቹ፣ እርስዎ ሲፈሩ፣ ልጁ ደግሞ ከፊት ጠፍቶ ሲፈለግ ቀኑ ያልቃል።

እንጦጦ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያነሳው ዳገቱን ነው። እኔ ለዳገቱ ብዙም አልጨነቅም። ዳገት ሲያቅት ይወረዳል፣ ይገፋል፣ ትንፋሽ ይመለሳል። ሰው የሚጎዳው ሲወርድ ነው። ስለዚህ ማንም «ይቺ ቀላል ናት» ካላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ። ስትወርድስ? ዝናብ ከጣለባት በኋላስ? ጥር ላይ ለጀማሪ የምመክረውን መንገድ ነሐሴ ላይ ለባለቤትዎም አልመክርም።

በምልክቱ ልጀምር። ባለቤትዎ የለመዱት አረንጓዴ ክብ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ጥቁር ዳይመንድ የሚባለውን ነው። አሠራሩ ከበረዶ ሸርተቴ የተወሰደ ነው። በምሕጻሩ ኢምባ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተራራ ብስክሌት ማኅበር ደግሞ በቁጥር አስቀምጦታል። አረንጓዴ ሲባል ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። መሬቱ ጠንካራ ነው። አማካይ ተዳፋቱ ከ5 በመቶ አይበልጥም፤ የሚያጋጥም ድንጋይ ወይም ሥር ቢኖር ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይልም። ሰማያዊው ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ይጠባል። ተዳፋቱ በአማካይ እስከ 10 በመቶ፣ እንቅፋቱም እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ጥቁሩ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሰፋም አይገርምም። ተዳፋቱ እስከ 15 በመቶ፣ እንቅፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በጭንቅላታችሁ ይዛችሁ ኑ፤ እዚህ ደረጃ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። ከፓርኩ ክልል ወጣ ሲሉ የሚያገኟቸውን የጫካ መንገዶች ማንም ለብስክሌት ብሎ አልሠራቸውም። የሠሯቸው እንጨት ለቃሚዎች፣ አህዮች፣ ጸበልተኞች እና ሯጮች ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ። ለብስክሌት የሚሠራ መንገድ ተራራውን በጎኑ እየቆረጠ፣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሠሪዎቹ የሚመሩበት ልማድ አላቸው፦ የመንገዱ ተዳፋት የተራራው ጎን ካለው ተዳፋት ከግማሽ በላይ እንዲሆን አይፈቅዱም። ከዚያ ካለፈ የዝናቡ ውኃ ተሻግሮ አይሄድም፤ መንገዱን ይዞት ይወርዳል። እንጨት የተሸከመች ሴት ግን መጠማዘዝ ምን ያደርግላታል? በአቋራጭ ቀጥ ብላ ነው ወደ ከተማ የምትወርደው። ውኃውም በዚያው ይወርዳል። ከክረምት ክረምት መሃሉ ይቦረቦራል፣ ድንጋዩ ይገጥጣል። አፉ ላይ ቆመው ሲያዩት አረንጓዴ የሚመስል መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ሳይሄድ ጥቁር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ አየሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ጠለል በላይ መቶ ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ መሃሏ 2400 ሜትር አካባቢ ነው። የእንጦጦ ጀርባ 3000ን ያልፍና ጫፉ 3200 ገደማ ይደርሳል። 3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከቦሌ በወጣችሁ ማግስት እንጦጦ እንዳትወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት ዘመድ ጠይቁ፣ በእግር ዙሩ፣ ውኃ ጠጡ። ራሱን የሚያመው ሰው ብስክሌት ላይ አይውጣ። ራስ ምታቱ ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወደ ከተማ ወርዶ ማረፍ ነው፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

በከፍታ የሚሸወደው ደካማው ሰው አይደለም፣ ጠንካራው ነው። ባለቤትዎ ሜሪላንድ ላይ ዳገት የሚገፉበትን ማርሽ እዚህም ይዘው ከተነሱ ብዙም ሳይቆዩ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከለመዱት ሁለት ማርሽ ያቅልሉ። እየነዱ ማውራት እስከቻሉ ድረስ ልክ ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታቸው አብዝተዋል። ጠዋት ጫካው ውስጥ ልምምድ ከሚሠሩት አትሌቶች ጋርም ውድድር እንዳይገጥሙ። ዳገት ላይ በእግሩ ብስክሌት ጥሎ የሚሄድ ሰው ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ።

ከሽሮ ሜዳ በብስክሌት አይነሱ። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ታክሲው፣ አውቶቡሱ፣ አህያው፣ የሐበሻ ልብስ ሊገዛ የወጣው ሰው ሁሉ በእሱ ላይ ነው። ሲወርዱበት ደግሞ ይብሳል፤ ብስክሌቱ ሳያስቡት ይፈጥናል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ከፊት ያለው ታክሲ ያለ ምልክት ይቆማል። ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭናችሁ እስከ ላይ ውጡ። ስትመለሱም እንደዚያው። ይህ ስንፍና አይደለም።

ላይ ከደረሱ በኋላ ፓርኩ ውስጥ ይጀምሩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የተነጠፉ መንገዶች አሉት። ዙሪያውን ጫካ ነው፣ ጥበቃ አለ፣ ሲደክምዎ ቡና የሚጠጡበት ቦታ አለ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቦታ አዲስ አበባ አካባቢ አላውቅም። ሆኖም «የተነጠፈ ነው» ማለት «ሜዳ ነው» ማለት እንዳይመስልዎ። እናንተ ጋ ካፒታል ክሬሰንት የሚባለው መንገድ የድሮ የባቡር ሐዲድ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ የትም ቦታ አያስቸግርም። እንጦጦ ላይ ግን ሐዲድ አልፎ አያውቅም። ወጣ ገባው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ ቁልቁለትም አስፋልት ስለሆነ ብቻ ያታልላል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ለፍሬን ይስጡት። አንዲት ለስለስ ያለች ቁልቁለት ይምረጡ፤ ሃምሳ ሜትር ብትሆን ትበቃለች። ከመነሳትዎ በፊት ግን ቆመው እያንዳንዱን ፍሬን ይጨብጡና ብስክሌቱን ወደፊት ይግፉት። የቱ የፊት፣ የቱ የኋላ እንደሆነ በእጅዎ ይወቁ። አሜሪካ ውስጥ ቀኝ እጅ የኋላውን ነው የሚይዘው። እዚህ የሚያገኙት ብስክሌት ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ተገላብጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁልቁለት መሃል ማወቅ ጥሩ አይደለም።

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ሁሉ «የፊት ፍሬን እንዳትነካ፣ ይገለብጥሃል» ተብሎ ነው ብስክሌት የተማረው። እርስዎም ሰምተው ይሆናል። ደረቅ መሬት ላይ ግን ብስክሌትን በዋናነት የሚያቆመው የፊቱ ነው። የሚገለብጠው ድንገት መጨበጡ ነው። ሁለቱንም በአንድ ወይም በሁለት ጣት ቀስ እያሉ ይጫኑ። ፔዳሎቹን እኩል አድርገው ይቁሙባቸው፣ ከኮርቻው ትንሽ ይነሱ፣ መቀመጫዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ክንድዎን ያላሉ። ዓይንዎ ጎማው ላይ ሳይሆን ሊደርሱበት ያሰቡት ቦታ ላይ ይሁን። ጥምዝ ሲመጣ ፍጥነት መቀነሱን ከጥምዙ በፊት ይጨርሱ፤ ጥምዙ ውስጥ ገብተው ፍሬን ከያዙ ጎማው ይሸሻል። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉ ትከሻዎ ይፈታል። ትከሻዎ ካልተፈታ ወደሚቀጥለው አይለፉ።

የሚቀጥለው ማለቴ በተራራው ጀርባ ላይ ከእንጦጦ ማርያም ወደ ራጉኤል የሚወስደው መስመር ነው። ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ ጀርባውን ይዞ ስለሚሄድ ወደ ገደል አይጥልዎትም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው፤ ቤተ መንግሥታቸው እና ሙዚየሙም እዚያው ግቢ አጠገብ ናቸው። ቆም ብለው ይዩአቸው። ከተማው ከዚህ ተነሥቶ ወደ ፍልውኃ የወረደው አንድም በብርዱ፣ አንድም በማገዶ እጥረቱ ነው ይባላል። ማገዶው በባሕር ዛፍ ተፈታ፣ ብርዱ ግን አሁንም እዚያው ነው። ነሐሴ ላይ ጃኬት ሳይይዙ እንዳይወጡ።

አንድ ነገር እንዳይረሱ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። እስከ 16 ድረስ የእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናት በምእመናን ይሞላሉ፣ መንገዱም ነጭ በነጭ ይሆናል። በእነዚያ ቀናት በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየነዱ አይለፉ። ወርደው ይግፉ። ማንም ባይቆጣዎት እንኳ እርስዎን ራስዎን ደስ አይልዎትም። ወደ ኪዳነ ምሕረት የሚወርደው መንገድ ላይ ደግሞ ጭራሽ ብስክሌት አይውሰዱ። ለጸበል የሚሄድ ሕመምተኛ ይበዛበታል።

ወደ ባለቤትዎ እንለፍ። እሳቸው የሚፈልጉት ጫካ ውስጥ ነው ያለው፣ ሞልቷልም። ችግሩ ሼፈር ፋርምስ ያስተማራቸው ነገር ግማሹ እዚህ አለመሥራቱ ነው።

ዋናው ነገር ባሕር ዛፉ ነው። ቅጠሉ ሲረግፍ መሬቱን ይሸፍናል። ከቅጠሉ በታች የዛፍ ሥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ አንዳንዴም ቦይ አለ፤ አይታይም። ትንንሾቹ ደረቅ ፍሬዎች ከጎማ ሥር እንደ ኩሽኔታ ይንከባለላሉ። እንደ ገመድ ተልጦ የሚወድቀው ልጥ ደግሞ ካቴና እና ማርሽ ውስጥ ይጠመጠማል። ድምፅ ከሰሙ ወዲያው ፔዳል መምታት ያቁሙ፤ አንድ ዙር ከጨመሩ ማርሽ መቀየሪያው ይሰበራል። ደረቅ ቅጠል ላይ ደግሞ የኋላ ፍሬን ብቻ የሚይዝ ሰው ተንሸራቶ ይሄዳል። ቅጠሉ ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ ሳይደርሱ ፍጥነት መቀነስ፣ ቅጠሉ ላይ ፍሬን መልቀቅ፣ ከቅጠሉ ሲወጡ እንደገና መያዝ። መላው ይኸው ነው።

የት ይንዱ? ደቡቡን ጎን ይተዉት። ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ወደ ቀጨኔ፣ ወደ ፈረንሳይ የሚወርደው ጎን ቀጥ ያለ እና የተቦረቦረ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ስሜት ውስጥ ገብተው ሲወርዱ ድንገት የልብስ ገመድ አንገት ላይ ይመጣል። ሰሜኑ ጎን ይሻላል። በዚያ በኩል ያለችው ሱሉልታ ራሷ ከአዲስ አበባ ከፍ ያለች ስለሆነች ቁልቁለቱ ያን ያህል ረጅም አይደለም። ሳይጠብቁት ጥቁር የሚሆን ቦታም ያነሰ ነው። ብዙውን ጊዜ በኢምባው ቁጥር ሰማያዊ የምለው ነው። በነገራችን ላይ በዚያ ጀርባ ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ቢዘረጉ፣ በአንዱ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ላይ ይቀራል። በሌላው በኩል የሚወርደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ልጁ ይህን ሲሰማ የውኃ ኮዳውን ሁለቱም ጎን ላይ ማፍሰሱ አይቀርም።

ሱሉልታ ሜዳው ላይ ደርሰው ኮረኮንቹን ይዘው መዞርም ጥሩ ነበር። ደረቅ ወራት ላይ ለእርስዎም የሚሆን ሰፊ፣ ለስላሳ መንገድ ነው። በሐምሌ እና በነሐሴ ግን ሜዳው ውኃ ይተኛበታል። ጥቁር አፈሩ ጎማው ላይ እየተለጠፈ ቸርኬውን ይይዘዋል፤ ብስክሌት መንዳት ቀርቶ መግፋትም አይቻልም፣ ትከሻ ላይ ነው የሚሸከሙት። ስለዚህ ሱሉልታን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

ከእንጦጦ ውጭ አንድ ቀን መስጠት ከፈለጉ መናገሻ ሱባ አለ። ከከተማው በስተ ምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ የጥንት ደን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ችግኙ ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደተተከለ ይነገራል። እዚያ ባሕር ዛፉን ረስተው ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ እና ኮሶ መሃል ነው የሚነዱት። ጉሬዛ ከላይ ይዘላል፣ ድኩላም ሊያዩ ይችላሉ። የደኑ የመኪና መንገድ ለመካከለኛ ነጂ ይሆናል። ወደ ጫፉ የሚያወጣው ግን በእግር የሚሄዱበት ነው፤ ብስክሌቱን ታች ይተዉት። ከመሄዳችሁ በፊት ያለውን የጸጥታ ሁኔታ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ፣ ሹፌሩንም አስጠብቁ፣ ከደኑ ጽሕፈት ቤት አስጎብኚ ያዙ። እንጦጦ ላይም ቢሆን ከፓርኩ ክልል ውጭ ያለው ጫካ ውስጥ ብቻን መግባት ጥሩ አይደለም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ግቡ።

እንጨት ስለተሸከሙት ሴቶች ልናገር፤ ባለቤትዎ ከሁሉም በላይ ሊሰሙት የሚገባው ይህ ነው። ሸክሙ ጀርባቸው ላይ በወርድ ነው የሚታሰረው። ከሁለቱም ጎን ወጥቶ መንገዱን በሙሉ ይይዛል። ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት፣ ከፊታቸው ጥቂት ርምጃ ብቻ ነው የሚያዩት። ዞረው ማየት አይችሉም። ከኋላ መጥቶ በጩኸት የሚያልፍ ብስክሌት ቢያስደነግጣቸው ሸክሙ ራሱ ይጥላቸዋል። ስለዚህ ከሩቅ ድምፅ ያሰሙ፣ «እናቴ፣ ከኋላ ነኝ» ይበሉ፣ ወርደው ከመንገድ ይውጡ፣ ያሳልፏቸው። ወደ ላይ የሚወጣ ቅድሚያ አለው፣ ወደ ታች የሚወርድ ቅድሚያ አለው የሚለው የአሜሪካ ክርክር እዚህ የለም። ሸክም ያለበት ቅድሚያ አለው፣ አለቀ። አህያም እንደዚያው ነው፤ እሱ ግን ድምፅ ቢሰማም አይሰማም።

ልጁስ? እውነቱን ልንገርዎት፣ ከሦስታችሁ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ፍርሃት የሌለው ልጅ ጎበዝ ነጂ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬኑን የሚይዘው ግን ዘግይቶ ነው። ከሁሉ በፊት እጁን ይዩለት። ጣቱ የፍሬኑን እጀታ ጫፍ በደንብ ካልደረሰ ረጅም ቁልቁለት ላይ እጁ ይደነዝዛል። አብዛኛው የፍሬን እጀታ ወደ ውስጥ የሚያስጠጋ ትንሽ ብሎን አለው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ሜሪላንድ ሳላችሁ ይስተካከልለት። ለትልቅ ሰው የተሠራ ብስክሌት «ያድጋል» ብላችሁ አትስጡት።

ጫካ ስትገቡ ቅደም ተከተላችሁ የታወቀ ይሁን። ባለቤትዎ ከፊት፣ ልጁ መሃል፣ እርስዎ ወይም መሪው ከኋላ። ልጁ አባቱን አያልፍም፤ በመካከላቸውም ፍሬን የሚያሲዝ ርቀት ይኑር። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ይኸ ነው፦ በእግሩ ወርዶ ያላየውን ቁልቁለት በብስክሌት አይወርድም። መጀመሪያ ይሰለቸዋል። ብስክሌቱን አስተኝቶ ወርዶ «እዚህ ጋ በግራ፣ እዚህ ድንጋዩ ጋ ቀስ» እያለ መንገዱን ለራሱ ሲመርጥ ግን ጨዋታ ይሆንለታል። ከአባቱ የተሻለ መስመር ሲያገኝ ደግሞ ተዉት፣ ያንን ቀን ሙሉ ያወራዋል። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ ለእሱ ግዴታ ነው። ለአባትየውም ሄልሜቱ ግዴታ ነው፤ ልጅ የሚከተለው ያየውን እንጂ የተነገረውን አይደለምና።

ከዝናቡ ጋር እንዴት ትኖራላችሁ? ሐምሌ እና ነሐሴ አዲስ አበባ ላይ በየወሩ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብባቸው ወራት ናቸው። ደግነቱ ብዙውን ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ እና ሌሊት ነው የሚበረታው። ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ የእናንተ ነው። ከዚያ በፊት ጉሙ ወፍራም ነው፣ አሥር ሜትር ርቆ ያለ ሰው አይታይም፤ ማለዳው ላይ ጅብም ወደ ጉድጓዱ ሲመለስ ነው። ከ6 ሰዓት በኋላ ሰማዩ መጥቆር ከጀመረ «ትንሽ ብቻ» አትበሉ። እንጦጦ ላይ መብረቅ ቀልድ አያውቅም፤ ተራራው ጀርባ ላይ ከሁሉ ከፍ ብለው የቆሙት እናንተ እና ዛፎቹ ናችሁ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወደ መኪና ነው። ዛፍ ሥር መጠለል የለም።

ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ካደረ ጫካውን ለዚያ ቀን ተዉት፣ ፓርኩ ውስጥ የተነጠፈው ላይ ንዱ። ቀዩ አፈር ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ሳሙና ነው። ደግሞ ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ ለስላሳ አፈር ላይ ጎማ የሚያወጣው መስመር በሚቀጥለው ዝናብ ቦይ ይሆናል። ያንን መንገድ ነገ ሸክም ይዞ የሚወርድበት ሰው አለ። ሁለት ቀን ሳይዘንብ ካለፈ ግን ባለቤትዎ ሰሜኑን ጎን ይሞክሩ። እርጥብ ሥር ላይ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ማለፍ እንጂ በጎን መንካት የለም።

አንድ ጊዜ መምረጥ ብትችሉ ኖሮ ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ኑ እል ነበር። መንገዱ ጠጥሮ ነገር ግን ገና አቧራ ሳይሆን፣ ሰማዩ ጠርቶ። የልጁ ትምህርት ቤት ለገና ሲዘጋ አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ግን ለብስክሌት የተመቸ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ያስቡበት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የብስክሌቱ ጉዳይ ነው። ሦስቱንም ይዛችሁ አትምጡ። እርስዎ እዚሁ ይከራዩ፤ ፓርክ ውስጥ ለሚነዱት የኪራይ ብስክሌት ይበቃዎታል። ሲከራዩ ቀለሙን አይዩ። የፍሬን ሸራው አለቀ ወይስ አላለቀም? ቸርኬው ሲሽከረከር ይወላገዳል? መሪው ከፊት ጎማው ጋር እኩል ይዞራል ወይስ ልል ነው? ከሦስቱ አንዱ ካላማረዎት ሌላ ይጠይቁ፣ አያፍሩ። የባለቤትዎን ግን ያምጡት። ጫካ ውስጥ በማያውቁት ብስክሌት መውረድ ጥሩ አይደለም። የልጁም በልኩ የሆነ ካለው ቢመጣ ደስ ይለኛል። የጭነቱን ደንብ እና ዋጋ ከአየር መንገዳችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለጎማ ጎሚስታ በየሰፈሩ አለ፣ ካላማዳሪያ ይለጥፍላችኋል። 26 ኢንች የሆነ ነገር ሁሉ በቀላሉ ይገኛል። የባለቤትዎ 29 ኢንች ከሆነ ግን ካላማዳሪያውን ሁለት ሦስት ይዘው ይምጡ። ለዲስክ ፍሬን የሚሆን ሸራም ከብስክሌታቸው ዓይነት ጋር የሚገጥም ሁለት ጥንድ ይያዙ፤ ክረምት ላይ ጭቃው ሸራ ይበላል። ከሁሉም በላይ የማይረሳው የኋላውን ማርሽ መቀየሪያ ከብስክሌቱ አካል ጋር የምታያይዘዋ ትንሽ ብረት ናት። ያ የባሕር ዛፍ ልጥ መጀመሪያ የሚሰብረው እሷን ነው፤ ለየብስክሌቱ የተለያየች ስለሆነችም እዚህ የምትገኘው በዕድል ነው። ሁለት ገዝተው ሻንጣ ውስጥ ይክተቷት።